የተጣበቀው ወለል

ቨርነን ሚስቱን መጥተሽ ጀልባዋን አሽትቺልኝ ሲላት፣ አርሊን ወጥ ቤት ቆማ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን ከእጇ አላወረደችም። በትዳር ዘመኗ ያቺን ጀልባ አጥባለች፣ ገፍታለች፣ ከአሸዋ ላይ ጎትታ አውጥታለች፤ በእሷ ሰበብ የገዛ እህቷ ሠርግ ላይ አርፍዳ ደርሳ እስከ ዛሬ ስሟ ይነሳል። አሽትቺ የተባለችው ግን ገና ዛሬ ነው።

«ምን እንዲሸተኝ ነው የፈለግኸው?» አለችው።

«ምንም። ዝም ብለሽ የሚሸትሽን ንገሪኝ።»

ቨርነን ራሱ ማሽተት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ክፉ ትኩሳት ጥሎት ከርሞ ሲለቀው አፍንጫውን ይዞበት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቡናና ሙቅ ውሃ ለእሱ አንድ ናቸው። ጡረታ እስኪወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ስለነበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሽንት ቤት ሳሸት ኖሬ እግዜር አሁን ገና አዘነልኝ እያለ ይቀልድበት ነበር። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይቀልድበት ነበር።

አርሊን ሽርጧን እንዳሸረጠች ወደ ጓሮ ወጣች። መሰላሉን ወጥታ አዲሱ ወለል መሃል ቆመችና አገጯን ቀና አድርጋ አየሩን ሳበች።

«ቀለም» አለች።

«ሌላስ?»

«ሙጫ።»

«ሌላስ?»

«ቨርን፣ ድንቹ እየጠቆረብኝ ነው።»

ቤንዚን የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ካነሳው ለምን ብላ ትጠይቃለች። ለምን ካለች መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ያን መልስ ለሰው ከሚናገር ጥርሱን አንድ በአንድ ቢያስነቅል ይመርጣል።  እሷም መሰላሉን ወርዳ ወደ ድንቿ ተመለሰች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን አንዴ ዞር ብላ አየችው።

በባርኔጋት ባሕረ ሰላጤ ዳር ውሃው ሲቀዘቅዝ ጀልባዎች ይወጣሉ፣ በየጓሮው እንጨት ላይ ይሰቀላሉ፣ ነጭ ላስቲክ ይለብሳሉ። ከዚያ ወንዶቹ ይጠፋሉ። ሚስቶች ባሎቻቸው በሕይወት መኖራቸውን የሚያውቁት ከላስቲኩ ሥር በሚሰማው የትራፓኖ ጩኸትና በስድቡ ነው።

ዘንድሮ ቨርነን ከላስቲኩ ሥር የገባው እንደ ወትሮው ቀዳዳ ለመድፈን አልነበረም። ጀልባዋ አርጅታለች። የእሱም ጉልበት አልታዘዝ ብሎታል፤ ከባሕረ ሰላጤው አፍ ወዲያ ያለውን ማዕበል ቆሞ አይችለውም። ስለዚህ ቅጠል ሲረግፍ ልጁን ኬልሲን ጠርቶ፣ በብርዱ እኔ አድሳታለሁ፣ ውሃው ሲሞቅ ቁልፉን ትወስጃለሽ አላት። ኬልሲ የአምቡላንስ ሠራተኛ ናት። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መያዝ የተማረችው የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው። ያን ቀን አላመሰገነችም፣ አላለቀሰችም፤ ጀልባዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና ስሟን መቀየር ይቻል እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። አይቻልም አላት። የጀልባዋ ስም «አርሊን አልፈቀደችም» ነው።

ብርዱን ሙሉ ሠራ። የበሰበሰውን ወለል ነቅሎ አዲስ ኮምፔንሳቶ አነጠፈና በፋይበር ሸፈነው። ከወለሉ ሥር ያለውን የቤንዚን ታንክ ጨው በልቶት ስላገኘው አውጥቶ በአዲስ ተካው። ሽቦውን ሁሉ ቀየረ። ወደ ሆዷ የሚገባውን ውሃ መጥጦ የሚያወጣ አዲስ ፓምፕ አስገባ፤ ከኋላ ደግሞ መንጠቆ ላይ የሚሰኩትን ትናንሽ ዓሦች በሕይወት የሚያቆይ ገንዳ ሠራ። እሑድ እሑድ ኬልሲ እየመጣች ታግዘዋለች። ታግዘዋለች ማለት ትከራከረዋለች።

የምር የተጣሉት ግን በአንድ ነገር ብቻ ነው። ታንኩ የተቀመጠበት ጉድጓድ በር የሚያህል ክዳን አለው። ክዳኑ በብሎን ይያዝ ወይስ በማጣበቂያ? የአሮጌ ጀልባ ሞት የሚጀምረው ከብሎን ቀዳዳ ነው፤ ውሃ በብሎኑ ዙሪያ እየሰረገ እንጨቱን ከውስጥ ይጨርሰዋል። ቨርነን የድሮውን ወለል እንደ ገንፎ እየዛቀ ሲያወጣ፣ በዚህች ጀልባ ወለል ላይ ዳግመኛ ቀዳዳ አይበሳም ብሎ ምሎ ነበር። ክዳኑን በነጩ ማጣበቂያ እዘጋዋለሁ አለ። የሰፈሩ ሰው «ፍቺ የለሽ» ይለዋል፤ አንዴ ከያዘ እንጨቱ ይሰበራል እንጂ እሱ አይለቅም። ኬልሲ ይሄ እብደት ነው አለችው። ከሥሩ ያለው ቤንዚን ነው፣ አንድ ቀን መክፈት ይመጣል ብላ ጮኸችበት።

«በደንብ የሠራ ሰው መልሶ አይከፍትም» አላት።

ዘጋው። በላዩ ላይ ቀለም ቀባ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ እግር እንዳያንሸራትት ደቃቅ አሸዋ ነሰነሰበት። ሲያልቅ ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆነ። ክዳኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ከሠሪው በቀር የሚለይ የለም። የሰፈሩ ወንዶች እየመጡ ጫማቸውን አውልቀው ወጡበት፣ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ስህተት ፈልገው አጡ። ቨርነን ከአጥር ወዲህ ቆሞ ምንም እንዳልመሰለው ያፏጭ ነበር።

ከዚያ ሩዲ መጣ።

ሩዲ ጎረቤቱ ነው፤ ሲጋራ ከአፉ የማይጠፋ፣ የራሱን ጀልባ በየዓመቱ ማደስ ጀምሮ በየዓመቱ የሚተው። አጥሩ ላይ ተደግፎ አንድ ተራ ጥያቄ ጠየቀው። ቤንዚን የሚሞላበት ወፍራም ጎማ ከታንኩ አፍ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም፤ እዚያ ያለውን የብረት ማሰሪያ አንተ እንዴት አድርገህ አጠበቅኸው? አለው።

ቨርነን ሊመልስ አፉን ከፈተ። 

ጎማውን በልኩ መቁረጡን ያስታውሳል። እንዲለሰልስለት የፈላ ውሃ ውስጥ መንከሩን፣ ታንኩ አፍ ላይ እየገፋ ማስገባቱን፣ ጣቱ መለብለቡን ሁሉ ያስታውሳል። ከዚያ ቀጥሎ የሚያስታውሰው ማጣበቂያውን ክዳኑ ጠርዝ ላይ ሲያፈስ ነው። በመሃል ያለው፣ በረዶ እንደሸፈነው ሜዳ፣ ነጭ ነው።

ለሩዲ ምን ብሎ እንደመለሰለት አያውቅም። «በትዕግሥት» ሳይለው አልቀረም።

ነገሩ አንድ ማሰሪያ ነው። ካቻቢቴ ጥቂት ማዞር ነው። ነገር ግን ያ ማሰሪያ ካልጠበቀ፣ ኬልሲ ታንኩን ጢም አድርጋ የሞላች ዕለት ቤንዚኑ በጎማው አፍ እየተንጠባጠበ ከወለሉ ሥር ይጠራቀማል። ፓምፑ ውሃ በነካው ቁጥር በራሱ ይነሳል። አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ያ ደግሞ ጓሮ ውስጥ አይሆንም፤ የሚሆነው ቱና የሚባለው ትልቁ ዓሣ ያለበት፣ መሬት የማይታይበት ቦታ ነው።

አንዱ ፍርሃት ይህ ነው። ሌላው የአባቱ ነው።

አባቱ ሎይድ በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ለምግብ የሚሆን ዛጎል እየለቀመ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነበር። ልክ ቨርነን አሁን ባለበት ዕድሜ ሳለ፣ አንድ ቀን ለምሳ ሳይመለስ ቀረ። ቨርነን ወጥቶ ሲፈልገው፣ ሞተሩን አጥፍቶ የተወለደበት ወንዝ አፍ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ምን ትሠራለህ ሲለው፣ ውሃው እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው አለ። ውሃው ሞልቶ ነበር። ቨርነን አመነው፣ ወይም ያመነ መሰለ። ብዙም ሳይቆይ ሎይድ ልጁን «የቧንቧው ሰውዬ» እያለ ይጠራው ጀመር፤ ዳግመኛ በስሙ ሳይጠራው ሞተ።

ስለዚህ ቨርነን ነገሩን በሆዱ ያዘና ብቻውን ሊያጣራ ተነሳ። የመሙያውን ክዳን ገጥሞ በብስክሌት መንፊያ ታንኩ ውስጥ አየር ነፋ። የመንፊያው ቀስት ቀስ እያለች ወረደች። አየሩ የወጣው በማሰሪያው ይሁን በመሙያው ክዳን ወይስ በራሱ በመንፊያው፣ ቀስት አትናገርም። ቀጥሎ ጥቂት ቤንዚን ጨመረና ሰው ማስሸተት ጀመረ። አርሊን ቀለም አለች። ሩዲ ሲጋራውን መንገድ ላይ ጥሎ እንዲገባ ተለምኖ ወጣና ትንሽ ቆሞ፣ የሚሸተኝ ሩዲ ብቻ ነው አለ። ቨርነን የሩዲን ውሻ ሳይቀር አቅፎ መሰላሉን አወጣት። ውሻዋ አዲሱ ገንዳ ሥር ሸንታ ወረደች።

እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለ። በሐሳቡ ጎማውን ይቆርጣል፣ ይነክራል፣ ይገፋል፤ እዚያ ሲደርስ ይቋረጥበታል። እንደገና ከመቁረጡ ይጀምራል። አዙሮ አዙሮ ሲያየው ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው። ማሰሪያው ልል ከሆነ ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ ያላደረገውን ሰው እንዴት ያስታውሳል፣ ያጠፋው እጁ ነው። ማሰሪያው ጥብቅ ከሆነ ደግሞ ልጁ ደህና ናት፤ እሱ ግን ሎይድ ነው። ሐሳቡ እዚህ ሲደርስ ተነስቶ የማያስፈልገውን ነገር ይወለውላል።

ዓርብ ጠዋት ኬልሲ መኪናዋን ወደ ኋላ እየነዳች በጓሮው በር አስገባች። ዕቅዱ የታወቀ ነው። ጀልባዋን ተጎታች ላይ ጭነው ወደ ውሃ ያወርዷታል፣ ታንኩን ይሞላሉ፣ በማግስቱ ኬልሲና ጓደኛዋ ሾና ጎህ ሲቀድ ቱና ፍለጋ ይወጣሉ። ኬልሲ ለዚህ ቀን ስትል የበዓል ዕረፍቷን ሁሉ ለሰው ሰጥታለች።

ቨርነን ነፋስ ሳይነሳ አይቀርም አላት። ስልኳን አውጥታ አሳየችው፤ ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቷል። የሞተሩ ዘይት መቀየር አለበት አለ። ራሷ ነበረች የቀየረችው። የተጎታቹ አንደኛው ጎማ አላማረኝም አለ። ኬልሲ ጎማውን በጫማዋ ሁለቴ ረገጥ አደረገችና ወደ እሱ ዞረች።

«አባዬ፣ ልትሰጠኝ ካልፈለግህ ንገረኝ።»

«ማን አለሽ?»

«አፍህ አላለም። ሳምንቱን ሙሉ ስደውል ሰበብ ትደረድራለህ። ትናንት እማዬ ጀልባ አሸተትኩ ትለኛለች። ምንድን ነው ነገሩ? ሾናን ነው ያላመንካት፣ እኔን?»

«አንቺንማ ከራሴ በላይ አምንሻለሁ።»

«እንግዲያው ቁልፉን ስጠኝ።»

እጇን ዘረጋች። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ጣቶቹ ሲነኩት ቀዘቀዘው። እምቢ ቢላት ቂም ትይዛለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቂሟ የዓመት ነው። ቂሙን ይችለዋል። ግን እምቢታው እስከ መቼ ያዋጣል? በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች፤ ከዚያም በኋላ። ቢሰጣትስ? ከወለሉ ሥር፣ በጨለማው ውስጥ፣ ፓምፑ በራሱ ጊዜ ጠቅ ብሎ ሲነሳ በሐሳቡ ሰማው።

«ወለሉ መከፈት አለበት» አለ።

ኬልሲ እጇን አላወረደችም። «የቱ ወለል?»

«የታንኩ ክዳን። ከሥር አንድ ማሰሪያ አለ። ሳላጠብቀው ቀርቼ ይሆናል።»

አልነገርኩህም ነበር እስክትለው ጠበቀ። አላለችውም፤ ባለችው ይሻለው ነበር። ጃኬቷን አውልቃ መሰላሉ ላይ ሰቀለችና መጋዝ ፍለጋ ወደ ዕቃ ቤቱ ስትራመድ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«አይ» አለች። «የኤሌክትሪክ መጋዝ ይዘን ቤንዚን ላይ ከወጣን ሁለታችንንም የሚለቅሙን የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው።»

ለ«ፍቺ የለሽ» ያለው መላ አንድ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለሻርክ ማጥመጃ የሚሆነውን ቀጭን የብረት ሽቦ ከክዳኑ ሥር አሰርጎ እንደ ሁለት ሰው መጋዝ መሳብ ነው። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ እየተቀባበለ ካልሳበው ግን አይቆርጥም። ቨርነን ሳምንቱን ሙሉ ብቻውን የዞረው መላው ጠፍቶት አልነበረም። ሁለተኛ ሰው ስለሚፈልግ ነው።

ክዳኑ የት እንደሚጀምር በእርሳስ አሰመረላት። በስል ቢላዋ ቀለሙን ቀደዱት። ያ አሸዋ የተነሰነሰበት፣ ሰው ጫማውን አውልቆ የወጣበት ቀለም እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ተነሳ። ሽቦውን በጥጉ አሰረጉ፣ ጫፍና ጫፉን የመጥረጊያ እንጨት ቁራጭ ላይ ጠመጠሙ፤ ፊት ለፊት ቁጢጥ ብለው ጀመሩ።

እሷ ስትስብ እሱ ያላላል፣ እሱ ሲስብ እሷ ታላላለች። ኬልሲ ትቸኩላለች፤ ስትቸኩል ሽቦው ይግላል፣ ይበጠሳል። ሲበጠስ ማን እንዳበጠሰው ይከራከራሉ። አዲስ ይጠመጥማሉ። አርሊን የአሳማ ሥጋ ሳንዱች ይዛ መጣች፤ የተቦጫጨቀውን ወለል አየች፣ ባሏን አየች፣ ሳህኑን አስቀምጣ ተመለሰች። ሩዲ አጥሩ ጋ ብቅ ብሎ ገና ጫጉላው ሳያልቅ ፍቺ ነው እንዴ ሲል፣ ኬልሲ ሲጋራውንም ውሻውንም ይዞ ከዓይኗ እንዲጠፋ ነገረችው። ሩዲ በሕይወቱ እንደዚያ ፈጥኖ ሄዶ አያውቅም።

ጉልበቱ ይጠዘጥዘዋል፤ ሐሳቡ ግን ከጉልበቱ ላይ አልነበረም። ልጁ ጥርሷን ነክሳ፣ ግንባሯ ላይ ላብ አቸፍችፎ ሽቦውን ወደ ራሷ ስትስብ እያየ፣ ልል ይሁን፣ እባክህ ልል ይሁን እያለ ራሱን ያዘው። ልጁን ባሕር ላይ ሊያቃጥላት የሚችል ስህተት ሠርቶ ለመገኘት እየጸለየ ነበር። ሽቦውን የያዘው እጁ ላላ።

«ሳብ እንጂ» አለችው ኬልሲ።

ሳበ።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ጎን ለቀቀ። የእንጨት ሽብልቅ አስገብተው ክዳኑን ከፍ አደረጉና ወደ ጎን አጋደሙት። ኬልሲ በደረቷ ተኝታ ጭንቅላቷን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተች። ቨርነን ጀርባዋን ያያል። ጀርባዋ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፤ እያሸተተች ነው።

«ምንም የለም» አለች። «አቧራ።»

ብልጭታ የማያወጣውን፣ ውሃ የማያስገባውን የጠላቂ ባትሪ ጠይቃው ሰጣት። አጭሩን ካቻቢቴ ጠይቃው ሰጣት። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ገባ። ብረት ብረት ላይ ሲያርፍ ሰማ። ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ልል ብሎን ሲዞር የሚያሰማውን ትንሽ ሲጥታ ጠበቀ። አልመጣም። ኬልሲ አቃሰተች፣ እንደገና ሞከረች። አልመጣም።

«አባዬ» አለች ከውስጥ፤ ድምፅዋ ከጉድጓዱ ያስተጋባል። «አንድ ነው ያልከኝ። ሁለት ነው ያሰርከው።»

«ሁለት?»

«ሁለት። ጎን ለጎን፣ ራስና እግር አድርገህ። ዝሆን ቢጎትተው አይላቀቅም።»

ግንባሯ አቧራ ለብሶ እየሳቀች ወጣች። አፈር ብላ አለችው፣ ይሄን የመሰለ ወለል በከንቱ አረድነው አለችው። እናቷን በመስኮት ጠርታ ጥብቅ ነው፣ ባልሽ በከንቱ ነው ያስፈጀን ብላ ጮኸች፤ አርሊንም ከውስጥ አንድ ነገር ብላ ሳቀች። ኬልሲ ሥራው አልቆም ካቻቢቴውን አጥብቃ እንደጨበጠች ነበረች። ቀኑን ሙሉ እሷም ፈርታ እንደነበር ቨርነን ያን ጊዜ ገባው።

አብሯት ለመሳቅ ፊቱን አዘጋጀ። ቀላል ነበር። መሳቅ፣ ክዳኑን መመለስ፣ ሽማግሌ ያለ ነገር ይጨነቃል ተብሎ መተረት፣ ከዚያ ነገሩ ያልቃል። ውሃው እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው ማለትም እንዲህ ቀላል ሳይሆን አይቀርም።

«ኬልስ» አለ። «እንዳሰርኩት አላስታውስም።»

«ማን ያስታውሳል? እኔ ዛሬ ጠዋት በሬን መቆለፌን አላስታውስም።»

«ይሄ እንደዚያ አይደለም። እዚያ ጥግ ሁለት ማሰሪያ የሚጠብቀው በጎን ተኝቶ ነው፣ በግራ እጅ፣ ሳያዩ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያ ግማሽ ቀን የለም።» ካቻቢቴውን ከእጇ ተቀበላትና ምን እንደሚያደርግበት ስላጣ መልሶ ሰጣት። «ሳምንቱን ሙሉ ፈለግሁት። የለም።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቨርነን ያን ፊት ያውቀዋል፤ ከሥራ በቀጥታ ወደ እነሱ ቤት ስትመጣ ይዛው የምትገባው፣ የተረጋጋ፣ ምንም የማይነበብበት ፊት ነው። ለእሱ አድርጋው አታውቅም ነበር።

«ዛሬ ምን ቀን ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ» አላት።

«አልጠይቅህም።»

«ዓርብ ነው።»

«አባዬ፣ አልጠየቅሁህም።»

የሩዲ ውሻ ከአጥር ወዲያ ጮኸች፣ ተወችው። ኬልሲ መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

«ሌላስ የማታስታውሰው ነገር አለ?»

«እሱን እንዴት አድርጌ ነው የማውቀው?»

 ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። ከዚያ ዓይኗ ሲዞር አየ። ፓምፑን፣ መሪውን፣ የባሕር ውሃ የሚገባና የሚወጣባቸውን ቱቦዎች፣ በግድግዳው ውስጥ የተቀበሩትን ሽቦዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። እሱም አብሯት አየ። ብርዱን ሙሉ የሠራው ሁሉ ተዘግቷል፣ ተለጥፏል፣ ቀለም ተቀብቷል። ያምራል።

ኬልሲ ስልኳን አንስታ ለሾና ደወለች። የነገው ቀርቷል አለቻት፤ ጀልባዋ ትንሽ ነገር አለባት አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም። ዘግታ ወደ እሱ ዞረች። ሰኞ ሐኪም ጋ እንደሚሄዱ፣ ራሷ እንደምትወስደው ነገረችው። እሺ አላት። ለእማዬ ዛሬውኑ አንተው ትነግራታለህ አለችው። እሺ አላት። ክዳኑ የሚመለሰው በብሎን ነው አለችው። ለዚህም እሺ አለ፤ ከሐኪሙ ይልቅ ያመመው ይሄኛው ነበር።

ከዚያ ተነስታ ባትሪውን አበራች።

«ከፊት እንጀምር። አንተ ታወራለህ፣ እኔ አያለሁ።»

በጉልበታቸው እየዳሁ ከፊት ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ገቡ። ቨርነን ጉልበቱ እየጮኸበት ጀመረ። የመልህቁ ገመድ የሚታሰርበትን ትልቅ ብሎን የገጠመው ትልቁ በረዶ የጣለ ዕለት ነው፤ ብሎኑ ከእጁ አምልጦ ተንከባሎበት ሲፈልገው ጓንቱ ከብረቱ ጋር በብርድ ተጣብቆ ነበር። ኬልሲ በመፍቻ ሞከረችው። ጥብቅ ነው። የፊት መብራቱን ሽቦ የቀጠለው በአርሊን የፀጉር ማድረቂያ ነው፤ መቀጠያው ላስቲክ በሙቀት እንዲጨመደድ። አርሊን ማድረቂያዋ ሙጫ ሙጫ ሸተተኝ ብላ ስታኮርፈው ሰንብታለች። ኬልሲ ሽቦውን ጎተት አደረገችው። አልተነቃነቀም። ፈገግ ያለች መሰለው።

ወደ ቀጣዩ ተሳቡ። ፓምፑ የሚመጠውን ውሃ በጀልባዋ ጎን ወደ ውጭ የሚያወጣው ወፍራም ቱቦ ነው። ኬልሲ ብርሃኑን አሳረፈችበት።

ቨርነን ቱቦውን አየው። እጁን ዘርግቶ ነካው። ማሰሪያው ያብረቀርቃል፣ ገና አዲስ ነው። የእሱ ሥራ ነው፤ ከእሱ በቀር እዚህ የገባ ሰው የለም።

ኬልሲ ባትሪውን እንደያዘች ጠበቀችው።